አስፈራጁ ኮት

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ የልጅ ልጄ ሜሮን ትልልቅ ሻንጣዎች እየጎተተች መጣችና መኝታ ቤታችንን በሐበሻ ቀሚስ ሞላችው። ለሠርግና ለምርቃት የምታከራያቸው ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ናት፤ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ሆና የቀሚሶቹን ፎቶ ቴሌግራም ላይ ትለጥፋለች፣ ፈላጊዋ ትመርጣለች፣ የሞተር ልጅ ያደርሳል። እናቷ፣ ማለትም ልጄ ሶስና፣ "ቤቴ ሱቅ አይደለም፤ መጀመሪያ ትምህርትሽን ጨርሺ" ብላ ከነሻንጣዋ ስላስወጣቻት ነው ወደ እኛ የተሰደደችው። ባለቤቴ ወይንሸት ቁም ሣጥኑን ከፍታ ቦታ ስትለቅላት የብል መድኃኒት ሽታ ወጣና ቤቱን ሞላው። ያ ሽታ ሌላውን ሰው ያስነጥሰዋል፤ እኔን ግን ያስቀኛል።

"ስቀህ ስትጨርስ እርዳኝ አባባ" አለችኝ ሜሮን ላፕቶፗን ጭኗ ላይ ዘርግታ። "ውድድር ልንገባ ነው። እዚህ ጋ 'ቢዝነስዎን ለመጀመር ምን አነሳሳዎት?' ይላል።"

"ምን ብለሽ መለስሽ?"

አነበበችልኝ። ስለ ራዕይ፣ ስለ ፈጠራ፣ የማኅበረሰብን ችግር ስለ መፍታት፣ ለወጣቱ የሥራ ዕድል ስለ መክፈት ብዙ ተብሏል። ሰምቼ ስጨርስ ልጅቷ አገር ልትመራ ነው ወይስ ቀሚስ ልታከራይ የሚለው ግራ ገባኝ።

"ይሄን ማን ነገረሽ?"

"ሁሉም እንደዚህ ነው የሚጽፈው።"

"እኔም በአንቺ ዕድሜ፣ ተማሪ ሳለሁ፣ ቢዝነስ ነበረኝ። ራዕይ የሚባል ነገር ግን በአጠገቤም አላለፈም።"

አላመነችኝም፤ ወደ አያቷ ዞረች። ወይንሸት ቀሚስ እየሰቀለች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ "የሱን እሱ ይንገርሽ" አለች። እኔም ይህን ከመሰለ ግብዣ በኋላ ዝም የምል ሰው አይደለሁም።

ያኔ ልደታ ዛሬ የምታዩት ልደታ አልነበረም። ኮንዶሚኒየሞቹ በቆሙበት ቦታ የቆርቆሮ ጣራዎች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ይኖሩ ነበር፤ አንዱ ቤት ሽንኩርት ሲያቁላላ ሦስተኛው ቤት ዓይኑን ይጠርጋል። ወደ ሰንጋ ተራ የሚወስደው መንገድ ጥግ ላይ አንድ ሙዚቃ ቤት ነበር። ባለቤቱ የድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ አንዱን የፍቅር ዘፈን ካሴቱ እስኪላላ ድረስ ስለሚያጫውተው፣ ግጥሙን የማያውቅ የሰፈር ውሻ አልነበረም። በስሙኒ ሻይ ጠጥቶ፣ ብስኩት በልቶ፣ ለነገ የሚሆን ሳንቲም ኪስ ውስጥ ማንኳኳት ይቻል ነበር። ሱሪያችን ከጉልበት በታች እንደ ድንኳን ተንሰራፍቶ አስፋልቱን ይጠርጋል፤ ማዘጋጃ ቤት ደመወዝ አልቆረጠልንም እንጂ መንገዱን የምናጸዳው እኛ ነበርን። አፍሯችን ደግሞ ከእኛ ቀድሞ ነው በር የሚገባው። ዛሬ እሱም የለም፤ ሜሮን የዚያን ጊዜ ፎቶዬን ስታይ "ይሄ ሁሉ ፀጉር የት ሄደ?" ትለኛለች፤ የት እንደሄደ ባውቅ ሄጄ አመጣው ነበር።

ወይንሸት የአቶ ሳህሌ ልጅ ናት። አቶ ሳህሌ ከልደታ ማርያም አጠገብ የብትን ጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። ከትምህርት ቤት መልስ ሜትር ይዛ ጨርቅ የምትለካው እሷ ነበረች። እኔ የጂኦግራፊ ተማሪ ነኝ፤ ጨርቅ ምን ያደርግልኛል? ሆኖም ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ግማሽ ሜትር እገዛ ነበር። እናቴ ቁራጩን ሁሉ የትራስ ልብስ እያደረገችው ቤታችን በትራስ ተጥለቀለቀ። ወይንሸት ስትለካልኝ ከግማሽ ሜትሩ አልፋ አንድ ጣት ያህል ትጨምርልኛለች፤ ለሌላ ሰው ግን ክር እንኳ አታሳልፍም። መወደዴን ያወቅሁት በዚያች ጣት ነው። እሷ እስከ ዛሬ "እጄ ስቶኝ ነው" ትላለች፤ የጠየቃት ግን የለም።

ሽማግሌ ላክሁ። የሽማግሌዎቹ አለቃ ጎረቤታችን ጋሽ ተሰማ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር፣ ጉልበታቸው በፍሬን ያለቀ፣ ውሸት የማያውቁ ሰው። ሽማግሌ ሲሄድ ወግ እንዳለው ታውቃላችሁ። ባለቤቱ "ተቀመጡ" ይላል፤ ሽማግሌ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ይላል፤ ባለቤቱም "ግዴለም ይሰማል፣ ቁጭ በሉ" ይልና ቁጭ ይባላል። ይህን የማያውቅ የለም። አቶ ሳህሌ ግን ነጋዴ ናቸው፤ የተባለውን እንደተባለ ነው የሚወስዱት። ጋሽ ተሰማ "አንቀመጥም" ሲሉ፣ "እንደ ፈቀዳችሁ" ብለው እሳቸው ወንበራቸው ላይ ተደላደሉ። ሦስት ሽማግሌ እንደ ምሰሶ ቆሞ ቀረ።

"ልጁ ምን ይሠራል?" አሉ አቶ ሳህሌ።

"ተማሪ ነው። ዩኒቨርሲቲ" አሉ ጋሽ ተሰማ፣ በቆሙበት እግር እየቀያየሩ።

"ተማሪማ የኔም ትንሹ ልጅ ተማሪ ነው፤ ሁለተኛ ክፍል ነው። እኔ ምን ይሠራል ነው ያልኩት።"

ሽማግሌዎቹ "እንግዲህ እናጣራለን" ተባሉና ወጡ። ጋሽ ተሰማ ከአጥሩ ውጪ ያለ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ጉልበታቸውን እያሹ፣ "ስማኝ ልጄ" አሉኝ። "ዳግመኛ የምትልከኝ ከሆነ መልስ አስይዘኝ። ውሸት አልናገርም፤ ጉልበቴ ደግሞ ሁለተኛ አይቆምልኝም።"

እንግዲህ ያነሳሳኝ ይህ ነው። ለሽማግሌ የሚነገር ሥራ መፈለግ። ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ግድ አልነበረኝም፤ ሲነገር ሥራ ከመሰለ በቂዬ ነው። ወይንሸትን ሌላ ሰው ከወሰዳት ግን ዲግሪውንም፣ ጂኦግራፊውንም፣ የዓለምን ወንዞች ሁሉ ምን ላደርጋቸው ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

ሸሪኬ ሰዒድ ነበር፤ የወሎ ልጅ፣ የዶርም ጓደኛዬ፣ የልብስ ሰፊ ልጅ። እሱን ያነሳሳው ደግሞ የተማሪ ምግብ ቤቱ ምስር ወጥ ነው። ያ ወጥ ምስር የሚባለው በማዕረግ ነበር እንጂ ውሃው ውስጥ ምስር ለማግኘት ዋና ማወቅ ያስፈልጋል። "አንተ ለሚስት፣ እኔ ለሥጋ" አለኝና ተጨባበጥን። ሐሳቡንም ያመጣው እሱ ነው። የእናቴ ቤት ከልደታው ፍርድ ቤት ብዙም አይርቅም። አንድ ማለዳ ሰዒድ እኛ ቤት ሻይ ሲጠጣ፣ ከሩቅ አገር የመጣ፣ አቧራ የጠጣ ሰውዬ በር አንኳክቶ እናቴን "እመቤቴ፣ ዳኛ ፊት እንዲህ ሆኜ አልቀርብም፤ የባለቤትሽን ኮት አውሺኝ" አላት። እናቴ የሟች አባቴን ኮት ሰጠችው። ሰውዬው ከሰዓት መልሶ ሲመጣ አንገቱን ደፍቶ፣ አመስግኖ ሳይጨርስ ሮጠ። ሰዒድ ትልቅ ሰው እንዲህ ተሸማቆ ሲሮጥ አይቶ አዘነ። "ይሄ ሰው ለምን ይለምናል?" አለኝ። "ቢከራይ ቀና ብሎ ይሄድ የለም?"

መርካቶ ወርደን ሰልባጅ ኮቶች መረጥን፤ ሰዒድ የተቀደደውን ሰፋ፣ የሰፋውን አጠበበ። በእናቴ ቤት በረንዳ ላይ ገመድ ዘረጋን፣ የከሰል ካውያ ገዛን፣ ብል እንዳይገባ መድኃኒቱን በየኪሱ ጨመርን። ያን ጊዜ ፍርድ ቤት የቆመ ባላጋራ ሁሉ የብል መድኃኒት ይሸት ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። መያዣ የምንቀበለው ደንበኛው ለብሶት የመጣውን ነው፤ ጋቢውን፣ ካፖርቱን። በቀጠሮ ቀን በረንዳችን በጋቢ ክምር ይሞላና እናቴ እንግዳ ሲመጣባት "ሰው አይደለም፣ ልብስ ነው" እያለች ታስረዳለች። አንዱ ኮታችንን ለብሶ ክትፎ ቤት ገባና ደረቱን ሁሉ ቅቤ በቅቤ አድርጎ መለሰው። ሰዒድ ያን ኮት ሲያጥብ ዓይኑ እንባ ያቀረረው በሳሙናው አይመስለኝም።

ከኮቶቻችን አንዱ ሰማያዊ ነበር፤ ወርቅማ ቁልፎች ያሉት። አንደኛዋ ቁልፍ ስለጠፋች እናቴ ከድሮ ሹራቤ ላይ ቡናማ ቁልፍ ነቅላ ተክታበታለች። ይህን ኮት የለበሰ አንድ ሰው ተፈረደለት። ቀጥሎ የለበሰውም ተፈረደለት። ከዚያ ወዲያ ስሙ "አስፈራጁ" ሆነ፤ ሰው ሁሉ እሱን ካልሰጣችሁኝ አለ። ግራጫውን የለበሰ አንድ ሰው ተረትቶ ሲመለስ፣ "የረታኝ ባላጋራዬ አይደለም፤ እናንተ ናችሁ" ብሎ ጋቢውን ነጥቆን ሄደ። አንድ ቀን ደግሞ በመሬት የተካሰሱ ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ማለዳ መጥተው ለአስፈራጁ ተጓተቱ። እዚያው በረንዳው ላይ ተሰዳደቡ፣ ተላቀሱ፣ ተቃቀፉ፤ ሁለቱም ሳይከራዩ ተያይዘው ሄዱ። ሰዒድ ከኋላቸው እያየ፣ "እርቅ ደግ ነገር ነው፤ ለእኛ ሥራ ግን አይሆንም" አለ።

እንግዲህ መልስ አገኘሁ፤ ለጋሽ ተሰማም ነገርኳቸው። ለእሑድ ቀጠሮ ተያዘ። አስፈራጁን ለማን እንዳሰብኩት ሳትገምቱ አትቀሩም። ለሰዒድ "ለእሑድ እንዳይወጣ" ብዬው ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። ስመለስ ገመዱ ላይ አስፈራጁ የለም።

"አንድ አዛውንት መጡ" አለ ሰዒድ። "የከበሩ ሰው ናቸው። 'ነገ ቀጠሮ አለብኝ' አሉ። ሽማግሌ ሰው እምቢ ልበል?"

"ነገ እሑድ ነው። እሑድ የምን ፍርድ ቤት አለ?"

ሰዒድ ካውያውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ይህን አላሰበውም ነበር። ያን ዕለት ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም፤ ሰዒድ አሁንም ወዳጄ ነው። ለጋሽ ተሰማ የቀረው ግራጫው ብቻ ነበር፤ እጅጌው ክንዳቸው ላይ ቀረ። "በዚህ ተረትቶበታል የተባለው አይደል?" አሉኝ። "እሱ ነው ጋሼ።" "እግዜር ይርዳን" ብለው ሄዱ።

እኔ ሙዚቃ ቤቱ ጥግ ቆሜ ጠበቅሁ። እነሱ ቤት ውስጥ የሆነውን የሰማሁት ከሁለት ሰው ነው፤ ከጋሽ ተሰማና ከመጋረጃ ጀርባ ትንፋሿን ውጣ ካዳመጠችው ከወይንሸት። ሽማግሌዎቹ ሲገቡ አቶ ሳህሌ ወንበራቸው ላይ ጉብ ብለዋል፤ ሰማያዊ ኮት ለብሰዋል፤ ከወርቅማዎቹ ቁልፎች መሃል አንዲት ቡናማ አለች። ጋሽ ተሰማ ጓደኛቸውን ጎሸም አድርገው "አለቀልን፤ አስፈራጁ እነሱ ጋ ነው" አሉት። ቢሆንም ወግ ወግ ነውና "ተቀመጡ" ሲባሉ፣ ጉልበታቸው እያለቀሰ፣ "አንቀመጥም" አሉ።

"እንደ ፈቀዳችሁ" አሉ አቶ ሳህሌ። "ልጁ ምን ይሠራል?"

ጋሽ ተሰማ አቶ ሳህሌን አዩ፣ ቡናማዋን ቁልፍ አዩ። እውነቱን ቢናገሩ ሰውን በገዛ ቤቱ ማዋረድ ነው፤ ውሸት ደግሞ አይችሉበትም።

"ልጃችን ሰው ያለብሳል" አሉ በመጨረሻ።

"ማንን?"

"ቀጠሮ ያለበትን ሰው ሁሉ። ድሃ፣ ሀብታም አይልም። ማን ምን እንደለበሰ ደግሞ ለማንም አይናገርም።"

አቶ ሳህሌ ቡናማዋን ቁልፍ በሁለት ጣታቸው አሻሹ። ከዚያ፣ "የእርስዎ እጅጌ ግን አጥሯል" አሉ።

"ደህናው ኮት ተይዞብኝ ነው" አሉ ጋሽ ተሰማ።

ወይንሸት እንደምትለው አባቷ ያኔ ሳቃቸውን ለመዋጥ አሳላቸው። ስለው ሲጨርሱ "ቁጭ በሉ" አሉ። ጋሽ ተሰማ እኔ ወዳለሁበት ጥግ ሲመጡ ገና ከሩቁ እጃቸውን አነሡ። "ተቀመጥን" አሉኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም፣ እኔም አልጠየቅሁም። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ያ ሙዚቃ ቤት ያንኑ ዘፈን ነበር የሚያጫውተው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ግጥሙ እውነት መሰለኝ። ሰኞ ዕለት አስፈራጁ በአንድ ሠራተኛ እጅ ተመልሶ መጣ። ሰዒድ ለመተኮስ ሲዘረጋው ቡናማዋ ቁልፍ የለችም፤ በቦታዋ እንደ ሌሎቹ ያለች ወርቅማ ቁልፍ ተተክታለች። "የተከራየውን የሚጠግን ደንበኛ አይቼ አላውቅም" አለ ሰዒድ፤ እኔ ግን የነጋዴ ኩራት ነው ብዬ አለፍኩት።

ሥራውን ሰዒድ ቀጠለበት፤ ዛሬ ትልቅ የሙሉ ልብስ መደብር አለው፣ ምስር ወጥ ከሩቅ ሲሸተው መንገድ ይቀይራል። እኔ ተመርቄ አስተማሪ ሆንኩ። ታሪኩን ግን ሠርግ ላይ፣ ልቅሶ ላይ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሳወራው ኖሬያለሁ፤ ማሳረጊያውም ሁልጊዜ "ያ ሁሉ ብትን ጨርቅ ያላቸው ሰውዬ አንድ ኮት አጥተው ከእኔ ተከራዩ" የሚል ነው። ለሜሮንም እንዲሁ ብዬ ጨረስኩላትና ሳቅን። ወይንሸት ብቻ አልሳቀችም።

"አባቴ ኮት አጥቶ መሰለህ?" አለች፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ።

"እና ምን ሆነው ነው?"

"ቁም ሣጥኑ ሙሉ ኮት ነበረው። 'እናጣራለን' ብሎ አልነበር? ሲያጣራ ነበር። ሰፈሩን ጠይቆ የምትሠሩትን ሰማ፤ 'ወሬ ምን ያደርግልኛል፣ ዕቃውን ልየው' ብሎ ሄደ። ማታ ገበሩን ገልብጦ ስፌቱን አየ፣ ኪሱን ፈተሸ፣ ብብቱን አሸተተ። ሽማግሌዎቹ እንደሄዱ ጠራኝና፣ 'ልብሱ ንጹሕ ነው፣ ስፌቱም የሰው እጅ ነው። ቁልፏ ብቻ ባዳ ናት፤ ቀይሪለት' አለኝ። የቀየርኳት እኔ ነኝ።"

ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር አንድ ቀን አልነገረችኝም። ለምን ብላት፣ "እንደዚያ ደስ ብሎህ ስታወራው እንዴት ላበላሽብህ" አለችኝ። ለአቶ ሳህሌ ነፍስ ይማር ብዬ ስጸልይ የኖርኩት በማሾፍ ነበር፤ ያን ቀን ከልቤ አልኩት።

ሜሮን ላፕቶፗን ዘጋች። "የኔን እውነቱን ልንገራችሁ?" አለች። አምና ለአንድ ጓደኛቸው ሠርግ ከክፍል ጓደኛዋ ቀሚስ ተውሳ ነበር። ልጅቷ ማዕድ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ወጡን ተጠንቀቂ፣ ቀሚሱ የኔ ነው" ትላታለች። ሜሮን ከዚያ በኋላ ምንም አልቀመሰችም። "ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም እንደዚያ እንዳይባል ፈለግሁ፤ በቃ ይኸው ነው። ለውድድር ግን አይሆንም፣ ያሳፍራል።"

"የሚሆነው እሱ ነው" አልኳት። ያ የአባቴን ኮት መልሶ የሮጠው ሰውዬ ትዝ አለኝ። አንጀቴን በላችኝ።

"እንግዲያው ሽማግሌ ሁኑልኝ" አለች። "እማዬ እስከ ወሩ መጨረሻ ዝጊው ብላኛለች። ሄዳችሁ ለምኑልኝ።"

እሑድ ዕለት ወይንሸትን አስከትዬ፣ ኮቴን ለብሼ፣ ሰንጋ ተራ ሶስና ኮንዶሚኒየም ሄድኩ። ሊፍቱ አይሠራም፤ ሶስና የምትኖረው ደግሞ ላይኛው ፎቅ ነው። በሩን ከፍታ "አባዬ፣ ግባ ተቀመጥ" አለችኝ። እኔም በሚቆራረጥ ትንፋሽ፣ "ጉዳዬ ሳይሰማ አልቀመጥም" አልኳት።

"እንደ ፈቀድክ" አለችና እሷ ቁጭ አለች። የአያቷ ልጅ ናት።

በቆምኩበት እግር እየቀያየርኩ ተናገርኩ። ሜሮን ስለ ተዋሰችው ቀሚስ፣ ስለ ማዕዱ፣ ትምህርቷንም እንዳልተወች ነገርኳት። ሶስና ፊቷ ቅጭም አላለም፣ አልፈካም። "እናጣራለን" አለችና ሸኘችን። ደረጃውን ስንወርድ ወይንሸት ክንዴን ይዛ፣ "ጋሽ ተሰማን አሁን አዘንክላቸው?" አለችኝ። ከወር መጨረሻ በፊት መልስ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ሜሮን ቀሚሶቹን እያጣጠፈች ሻንጣ ውስጥ ትከት ጀመር፤ መሳቅም አቆመች። ውድድሩ ላይ እውነቱን ጽፋ ልካለች፤ እሱም ገና አልተመለሰም።

ትናንት የሞተሩ ልጅ አንዲት ደንበኛ ተከራይታ የመለሰችውን ቀሚስ አመጣ። ሜሮን ልታጣጥፈው ስትዘረጋው ቆም አለች።

"እማማ፣ ይሄ ቀሚስ ሲወጣ ጥለቱ ጫፉ ላይ ተተርትሮ አልነበር? አሁን ተሰፍቷል።" ልብሱን አገላበጠች። "ደንበኛዋን አላውቃትም፤ መልእክቷ አጭር ነው፣ ፎቶዋም አበባ ነው። ምን ዓይነት ሰው ነው የተከራየውን የሚጠግነው?"

ወይንሸት መነጽሯን አድርጋ ስፌቱን መስኮት ጋ ወስዳ አየችው። ያን ስፌት ለአንዲት ልጅ ብቻ ነው ያስተማረችው፤ ድሮ፣ በገዛ ጭኗ ላይ አስቀምጣ። ቀሚሱን ለእኔ አቀበለችኝ። እኔም አየሁትና ለሜሮን ወንበር ሳብኩላት።

"ቁጭ በይ" አልኳት።